ካርድ ክፍል

ሃያ ስድስት ዓመት፣ በጠባቧ መስኮት፣
ሰውን በእጁ አወቅሁት፣ ፊቱን ሳላይለት።
ማር የቆረጠ እጅ፣ ከጌራ የመጣ፣
መጋዝ የበላው ጣት፣ ጥፍሩን ጨርሶ ያጣ፣
ሂናው ያልለቀቀ የሙሽራ መዳፍ፣
ካርድ ሲያቀብለኝ የሚርድ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤
ቆርቆሮ ሲደልቅ ስምን ይውጠዋል።
ስለዚህ ቁጥር ነበር የምጮኸው፤
ቁጥር ዘመድ የለው፣ ቁጥር ባላባት የለው።

አንድ ሌሊት፣ ሐምሌ፣ ከዴዶ ቁልቁለት፣
ስምንት ሰው ተፈራርቆ አመጣ አንዲት ሴት።
ስሟን ሹክሪያ አሉኝ። ባትሪያቸው ደክሟል፤
ምጥ ከያዛት ደግሞ ሁለት ቀን አልፏል።
ባሏ ነዚፍ፣ ኮቱ ዝናብ እንደጠጣ፣
ካርድ ሳይሆን ገመድ ከብብቱ አወጣ።
«በሬው ደጅ ታስሯል፤ ሌላ ነገር የለኝ።
ነፍሷ ስንት ያወጣል? ቁርጡን ንገረኝ።»

«ገመድህን ያዝ» አልሁት፤ «ወላድ አትከፍልም።»
«በስንት ወር ልመልስ?»
                    «አትመልስም።»
«ዋስ ልጥራ?» «አትጥራ።» ዝም አለ፤ ከዚያ ሳቀ፤
ያሾፍሁበት መስሎት ከመስኮቱ ራቀ፤
ተመልሶ ደግሞ ለሦስተኛ ጠየቀ።

ከሄርማታ ደረሰ አንድ የጨርቅ ነጋዴ፣
ክርኑን ሰብሮ። «ልቅደም» አለኝ። ብር ዘረጋ።
አልዋሽም፣ ሳሳ ሆዴ።
ግን ሐኪሙ አንድ ነው፣ ጠረጴዛውም አንድ፤
እሷ ቀድማ ገባች፤ እሱ ቀረ ከበራፍ ግንድ።
አግዳሚው ላይ ከስምንቱ ጋር ተቀመጠ፤
የዴዶ ጭቃ ሱሪ አልመረጠ።

ሊነጋጋ ሲል ጩኸት ተሰማ፣ ባንድ ላይ ሁለት፤
አንዱ ሕፃን ነበር፣ ከማዋለጃው ቤት፤
ሌላው ዘበኛው ነው፦ «አበባው! አበባው!»
የዳይሬክተሩን ጽጌረዳ በሬው ግጦ በላው።

በሬው ወደ ዴዶ ተመለሰ። አረሰ።
ስንት በሬ አለ፣ ሐኪም ቤት ሄዶ ያልተመለሰ።

አላስመስልም። ብዙ ቀን፣ «መድኃኒቱ አልቋል፣
ከውጭ ግዙ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።
አልጋ ጠፍቶ ሰው ኮሪደር ላይ አድሯል።
እኔም ተቆጥቻለሁ፤ ማኅደርም ጠፍቶብኛል፤
የዚያ የጠፋው ሰው ስም ሌሊት ይመጣብኛል።

የቦሳው ጎረቤቴ፣ አቶ ወዳጆ፣ ዳማ ሲጫወት፣
ሁሌ አንድ ነው የሚያነሣት፦
«ሰባት ዓመት ከፈልሁ፣ ጉንፋን እንኳ ሳይዘኝ፤
የጤና መድን አሉ፣ ገንዘቤን በላብኝ።»
አልሁት፦ «ለእድሩ ሠላሳ ዓመት አዋጥተህ፣
‘ሳልሞት ቀረሁ’ ብለህ ከስሰህ ታውቃለህ ወጥተህ?
ለድንኳኑ ስንሰጥ ማን አጉረመረመ?
ይሄ እድር እኮ ነው፣ ሳይሞት ለታመመ።»
መልስ አልሰጠኝም። ጠጠሩን ገፋና
ሁለት በላብኝ፤ ክርክሩም አልተቋጨም ገና።

ጡረታ ወጣሁ። ዘንድሮ፣ ደሜ ከፍ ብሎ፣
ቆምሁ ከመስኮቱ ማዶ፣ እጄ ካርድ አንጠልጥሎ።
ውስጥ ያለችው ልጅ አላወቀችኝም፤
ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።
እጄን አየች። ቁጥር ሰጠችኝ፤ አርባ ሦስት።
ከፊቴ አርባ ሁለት ሰው፣ ከኋላዬ ስንት።
ቅር አለኝ መጀመሪያ፣ «እኔን እንኳ?» ብዬ፤
ከዚያ ሳቄ መጣ፣ ከሰው ኋላ ውዬ።

ዝናቡ ጀመረ። ቆርቆሮው ተደለቀ።
የተጠራ ስም ሁሉ አየር ላይ አለቀ።
«አርባ ሦስት» ሲባል ግን፣ ጥርት ብሎ ሰማሁ፤
እጄን በመስኮቱ አሾልኬ፣
                    «አለሁ» አልሁ።